ከሻንጣው የወጣው ቅባት

ሱቄ ገብታ «ቶሎ የሚያቀላ ቅባት አለሽ?» የምትለኝን ሴት መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፤ «ከማን ተደብቀሽ ነው?» አንዳንዷ ትስቃለች፣ አንዳንዷ ትሰድበኛለች፣ አንዳንዷም ሳትገዛ ትወጣለች። ትውጣ። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ፣ ከሰሊጥ ነጋዴዎቹ ጀርባ፣ ቅባትና ኩል የሚሸጥ ሱቅ እንደ ጉድ ነው። ከኔ ዘንድ ያጣችውን ጎረቤቴ ዘንድ ታገኘዋለች። እኔ ግን ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ማለቂያው ያልተጻፈበት፣ ማሸጊያው የተነካካ ዕቃ መደርደሪያዬ ላይ አላወጣም። ስለዚህ ነው በገበያው «ያቺ ክፉዋ» የምባለው። ልክ ናቸው፣ ክፉ ነኝ።

ክፋቴን ችላ ለምትቆም ሴት ግን የማውቀውን ሁሉ እነግራታለሁ። ቅባት ስትገዢ ሽታው አያታልልሽ፣ ቆርቆሮውን አገላብጪው። ከውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ካልተላጠ ግዢ፣ ከተላጠ መልሺ። እዚህ አገር ባዶ ጣሳ የሚለቅም ሰው አለ። የጥሩ ክሬም ባዶ ጣሳ ከየቤቱ ይሰበስብና የራሱን ጉድ ሞልቶ እንደ አዲስ ይሸጠዋል፤ እስከ ኡም ራኩባ ድረስ፣ ስደተኞቹ መንደር ትንንሽ ሱቆች ሳይቀር ይደርሳል። እኔ ቤት ያለቀ ጣሳ ክዳኑ ሳይሰበር ከደጅ አይጣልም። በትሪ ተሸክመው ፀሐይ ለፀሐይ የሚያዞሩትን ደግሞ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ፤ በገዳሪፍ ሙቀት የዋለ ክሬም ቅባቱና ውሃው ተለያይቶ ይበላሻል። የፊት መልክ የሚያስተካክለውን ፋውንዴሽን ስትመርጪ የእጅሽ ጀርባ ላይ አትሞክሪው፣ እጅና ፊት አንድ መልክ የላቸውም። በሩ ላይ ውጪና በቀን ብርሃን አገጭሽ ሥር ቀቢው፤ የሱቅ አምፖል ይዋሻል። አዲስ ነገር ሁሉ ፊትሽን ከመንካቱ በፊት ክንድሽ እጥፋት ላይ ይዋል ይደር። ይኼን ሁሉ ከማንም አስቀድሜ የነገርኩት ለታናሽ እህቴ ነበር።

እህቴ ጠይም ናት፣ የጠይም ቆንጆ። አባትና እናታችን በረሃብ ዘመን ከጎንደር ወገን ወርደው ነው እዚህ የቀሩት፤ ሁለታችንም የተወለድነው ገዳሪፍ ነው። እኔ አባቴን መሰልኩ፣ እሱ ነፍሱን ይማረውና መልከ ጥፉ ነበር። መልኩ ሁሉ ለእሷ ቀረ። ብጉር የሚባል ነገር የማያውቅ ቆዳ ነበራት። ሱቅ ስታግዘኝ ሴቶቹ የሚገዙትን ትተው እሷን ያያሉ፤ «አንቺ ምንድን ነው የምትቀቢው?» ይሏታል። «ምንም። ውሃና ቫዝሊን» ትላለች። አያምኗትም። ምስጢሯን ልትነግረን አልፈለገችም ብለው አኩርፈው የሚወጡ ነበሩ፤ ምቀኛ ያሏትም አሉ። እውነት የተናገረች ሴት እንደዚያ ስትታማ አይቼ አላውቅም።

ባል መጣላት። ልጁ ኒው ሀልፋ፣ ሸንኮራ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ነው፤ እናቱ ግን የምትኖረው እዚሁ ገዳሪፍ ነው። የኛው አገር ሰዎች ናቸው። እሱ ምንም አይል፣ ዝም ያለ ልጅ ነው። እናትየው ግን ልጅቷን ልታይ የመጣች ቀን እህቴን አገጯን ይዛ፣ ወደ መስኮቱ አዞረቻትና ወዲያና ወዲህ አገላብጣ አየቻት። እኔ ቅባት ስገዛ እንደማደርገው ማለት ነው። ከዚያ ለእናቴ፣ «ልጅቷስ መልካም ናት፤ ትንሽ ፀሐይ መታት እንጂ» አለቻት። እናቴ አፍራ ሳቀች። እህቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ እኔን ደግሞ የጠየቀኝ የለም።

እዚህ አገር ስንኖር ከሱዳኖቹ የወሰድነው ብዙ ነገር አለ። አንዱ ሸይላ ነው። ከሠርጉ በፊት የወንዱ ወገን ሻንጣ ሞልቶ ለሙሽራዋ ያመጣል፦ ሴቶቹ የሚጎናጸፉት ቶብ፣ ጫማ፣ ሽቶ፣ የፊት የእጅ ቅባት። ሴቶች ተሰብስበው ይከፍቱታል፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከፍ ተደርጎ ይታያል፣ እልል ይባላል። ሙሽራዋ ከዚያች ቀን ጀምራ ከሻንጣው የወጣውን ነው የምትለብሰው፣ የምትቀባውም። አማት በየጊዜው ብቅ እያለች ታያለች። የሸይላውን ሽቶ ያልሸተተች ሙሽራ የባሏን ቤት ናቀች ነው የምትባለው። ለቶብ ጥሩ ልማድ ነው። ለቆዳ ግን ማን አሰበበት?

የኛ ሻንጣ የተከፈተ ቀን ቤታችን በሴት ሞልቶ ነበር። ቶቦቹ እልል ተባለላቸው፣ ሽቶዎቹም። በመጨረሻ ከሻንጣው ጥግ ክዳኑ በፕላስተር የታሠረ ነጭ ፕላስቲክ ጣሳ ወጣ። ምንም አልተጻፈበትም። አማትየዋ ራሷ ተነሥታ ከፈተችውና፣ «ይኼ ለፊቷ ነው። ጦርነቱ ሲነሣ ከኻርቱም የመጣች አንዲት ሴት በእጇ ነው የምትደባልቀው። ለማንም አትሰጥም፤ ለምኜ ነው ያመጣሁት» አለች። ኸልጣ ይሉታል በዐረብኛ፣ ድብልቅ ማለት ነው። ጣሳው ከሴት ወደ ሴት ዞረ፣ ሁሉም አሸተተው። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቢጫ ነው፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

«ምን ምን አለበት እማማ?» አልኳት።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ውስጡ ምን ገባበት? ሴትዮዋ ነግራዎታለች ወይ?»

አማትየዋ ሴቶቹን ዞራ አየቻቸውና፣ «ስጦታ ምን አለበት ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? ይች ልጅ የሱቅ ሰው ስለሆነች ነው» አለች። ቤቱ ሙሉ ሴት ሳቀብኝ። እናቴ ከቶቤ ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እልልታው ቀጠለ፣ ጣሳውም እህቴ ጭን ላይ ተቀመጠ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ለእህቴ በግልጽ ነገርኳት። እንዲህ ያለው ነገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሐኪም ለጥቂት ቀን ብቻ የሚያዘው ኮርቲዞን አለ፣ የባሰ ነገርም ይኖርበታል፣ ቆዳ ያሳሳል፣ አልኳት። «ሻንጣውን ውደጂው፣ ጣሳውን ጣይው።» እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀባችውን ፊቷን በሁለት እጇ እያራገበች ነበር።

«እትዬ፣ ያቃጥላል እኮ። ያቃጥላል ማለት እየሠራ ነው ብለዋል።»

«በርበሬም ያቃጥላል፣ እሱን ቀቢው።»

«አንቺ ያልሸጥሽው ሁሉ መርዝ ነው።»

እናቴም ከወዲያ ማዶ፣ «ተያት። አማቷን እንድታስቀይም ነው የምትፈልጊ?» አለችኝ። ባል ስላላገባሁ ነው የምቀናው የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረውም። ግን ቤቱ ውስጥ ነበር፣ እኔም ሰምቼዋለሁ።

የሙሽራ ደንብ ነው ብለው እህቴን ከፀሐይ ሸሸጓት። ሱቅ መምጣት ቀረ። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ጠዋት ማታ እየተቀባች ተቀመጠች። እውነቱን ልናገር፣ አማረባት። ፊቷ ፈካ፣ ጉንጯ ቀላ፣ እንደ ሕፃን ልጅ ሆነች። ሊያያት የመጣ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። እናቴ ወደኔ ዞራ «አየሽ?» ትለኛለች። ሱቄ ድረስ እየመጡ «እህትሽ የተቀባችውን ስጪን» ያሉኝ ሴቶች ነበሩ፤ የለኝም ስላቸው፣ ለራስሽ ደበቅሽው ብለው ሄዱ። እኔ ያየሁት ግን እጇን ነበር። እጇንም ትቀባው ነበርና፣ ሌላው ሁሉ ሲቀላ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ገበያ ውስጥ ተቀብታ የቀላችን ሴት የምንለይባት በዚያ ነው። ፊት ይዋሻል፣ ጣት አይዋሽም እንላለን።

ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ ፊቷ ላይ ቀጫጭን ደም ሥሮች ይታዩ ጀመር። ጉንጯ ላይ ለስላሳ ጠጉር በቀለ። አንድ ቀን የድስት ክዳን ስታነሣ እንፋሎቱ ቢነካት ጮኸች። ውሃ ሲነካት ታለቅሳለች፣ ቅባቱን ስትቀባው ጸጥ ይላል፣ ስለዚህ ደግማ ትቀባለች። ያን ጊዜ አልቻልሁም። ጣሳውን ነጥቄ የሱቄ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እጄን ቧጨረችኝ፤ እኔም አልለቀቅሁም።

ቅባቱ ከቀረ በኋላ የሆነውን ማየት ለጠላትም አይስጥ። ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀላና አበጠ፣ መግል ቋጠረ፣ ከአፏ ዙሪያ ተላጠ። ዓይኗን መግለጥ አቃታት። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ እሱም ከኻርቱም የተፈናቀለ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚያክም ሰው ነው። አየና፣ «ቆዳዋ ቅባቱን ለምዶታል። ማቆሙ ልክ ነው። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ወራት ይፈጃል» አለን። ስንት ወር እንዳለን ግን አልጠየቀንም። ሠርጉ ደርሷል።

አማትየዋ መጣች። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር፤ ጎትታ አዞረቻት። ጥቂት አየቻትና እጇን በቶቧ ጠረገች።

«ማነው አቁሚ ያላት?»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እናቴም ጭምር።

«ሲቀባማ ያማረ ፊት ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ይኼ የኔ ቅባት ሥራ አይደለም። ይኼ በውስጧ የነበረ በሽታ ነው፣ ቅባቱ ደብቆት ነበር። የታመመች ልጅ ልትሰጡን ኖሯል?»

ብልጥ ሴት ናት፣ አልክዳትም። በደንቡ የወንዱ ወገን ራሱ ጋብቻውን ካፈረሰ ሻንጣው ለልጅቷ ይቀራል። አታለሉን ካለ ግን ሻንጣው ይመለሳል። በማግሥቱ ሻንጣዋን ልትወስድ መጣች። ቶቦቹን እያራገፈች አጣጠፈች፣ የተከፈተውን ሽቶ አሸተተችና ከተተችው። እህቴ መጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። ሴትዮዋ ሻንጣውን ልትዘጋ ስትል ቀና አለችና፣ «ያችስ ጣሳ?» አለች።

«ምን ያደርግልዎታል?» አልኳት።

«ገና ግማሽ ነው እኮ። ለሌላ ይሆናል።»

ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰጥም አልኩ። ለምን እስከዚያች ቀን አላፈሰስሽውም ለምትሉኝ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለበት ላስመርምረው ብሎኝ ጠዋት ልወስድለት ቤት ይዤው ገብቼ ነበር። እናቴ ከእጄ ቀማችኝ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ። የሰው ነው፣ ትውሰድ» ብላ በሁለት እጇ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአክብሮት ሰጠቻት። ሴትዮዋም ተቀብላ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፣ ምን ይደረጋል» አለች። ይኼን ያለችው እህቴ እንድትሰማው ጮክ ብላ ነው። ከዚያ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ጠርታ ሄደች።

ያበጠው ፊት በጊዜው ሟሸሸ፣ ግን የድሮው ፊት አልተመለሰም። ጉንጮቿና ግንባሯ ላይ ከሰል የመሰለ ማዲያት ወጣ፣ በየመሃሉ ነጭ ነጥብ። እህቴ ጠርሃዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ እስከ ዓይኗ ሥር ጠቅልላ መሄድ ጀመረች። ተመልሳ ሱቅ ከኋላ ትቀመጥልኛለች፣ ዕቃ ታቀብለኛለች፣ ሌላ ነገር አታወራኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ምንም ሳልናገራት፣ «ባታስቆሚኝ ኖሮ አግብቼ ነበር» አለችኝ። ሐኪሙ ያለውን ደገምኩላት። «ሐኪሙ አላገባኝ» አለች።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው፣ አንዲት ልጅ ጽጌረዳ ውሃ ልትገዛ መጣች። ጋላባት ያደገች ናት፣ ካማርኛው መሃል ዐረብኛ ጣል ታደርጋለች። ቆንጆ፣ ፈካ ያለች፣ ሣቂታ።

«ኻልቲ፣ ፊቴን ትንሽ ያቃጥለኛልና የሚያበርድ ስጪኝ» አለችኝ። አክስቴ ስትለኝ ደሜ ፈላ፣ ያን ያህል አላረጀሁም። ግን ጠጋ ስትል ያ መድኃኒት መድኃኒት የሚል ሽታ መታኝ። ጽጌረዳ ውሃውን ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿን አየሁ። መገጣጠሚያቸው ጠቁሯል።

«ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«አማቴ የሰጠችኝን። ከሻንጣው የወጣ ነው» አለችኝ በኩራት። «ነጭ ጣሳ። ወላሂ ለማንም አይሰጥም።»

የማን ሙሽራ እንደሆነች ጠየቅኋት። ትራክተር ነጂው፣ የኒው ሀልፋው። ከኋላዬ እህቴ የያዘችውን ካርቶን ስታስቀምጥ ሰማሁ።

ለልጅቷ ሳልደባብቅ ነገርኳት። «ያን ቅባት የተቀባችው ካንቺ በፊት እህቴ ናት። ይችው ከኋላዬ ያለችው። ፊቷን ያበላሸው እሱ ነው። ዛሬ ወደ ሐኪም ሂጂ፣ የት እንዳለ አሳይሻለሁ።»

ልጅቷ ሣቋ ጠፋ። ወደ እህቴ አየች፤ የምታየው ግን ጠርሃና ሁለት ዓይን ነው። ዓይኗ ደግሞ ምንም አልሆነም፣ ያው ያማረ ዓይን ነው።

«እውነት ነው እንዴ እትዬ?» አለቻት።

እህቴ ወደ ባንኮኒው ጠጋ አለች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ እኔን ካናገረችበት ስንት ጊዜ በሆነው ድምፅ፣ «የለም፣ ጥሩ ቅባት ነው» አለቻት። «እኔን ያበላሸኝ ማቆሜ ነው። ይች አስቁማኝ ነው። አንቺ እንዳታቆሚ። ጠዋት ማታ ተቀቢው።»

የልጅቷ ትከሻ ዘና አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ አስደነገጣችሁኝ እኮ» ብላ ጽጌረዳ ውሃዋን አነሣች። የሚሸጥ ሰው ሲነግራት አላመነችም፣ የተቀባችው ስትነግራት አመነች። እኔም ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ደንበኞቼን ራሴ ነኝ «ሻጩን አትመኑ፣ የተጠቀመበትን ጠይቁ» እያልኩ የማስተምር። ልጅቷ ደጃፉ ላይ ደረሰች። «ቆይ!» አልኳት፤ ዞር አለች። የእህቴን ጠርሃ ከአገጯ ሥር ያዝኩና ጎትቼ አወረድኩት።

በሩ ክፍት ነው፣ ቀትር ነው፣ ብርሃኑ ፊቷ ላይ ወደቀ። ልጅቷ አየች። ከልጅቷ ጀርባ ሰሊጥ የሚያራግፉት ሰዎችም አዩ፣ ማዶ ያለው ባለሱቅም አየ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ጽጌረዳ ውሃው ከእጇ ወድቆ ተሰበረና እየሮጠች ሄደች። እህቴ አልጮኸችም፣ ጠርሃውንም አልተሻማችኝም። ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለችው።

«እኔን አቁሚ ስትዪኝ እንዲህ ያለ ሰው አላሳየሽኝም» አለችኝ። «ለሷ አሳየሻት።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ያንን በማድረጌ የሚሰድበኝ ይስደበኝ። ነገ ሌላዋ ብትመጣ አሁንም አደርገዋለሁ፤ ምልክት የሌለው ዕቃ ላይ ምልክት መለጠፍ ነው። ልጅቷ ቅባቱን ትታው እንደሆነ አላውቅም። ሠርጓ ግን አልቀረም፤ መኪናው በሱቄ ደጃፍ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ወጥቼ አየሁ። ሙሽራዋ በቀይ ቶብ ተሸፍናለች፣ ፊቷ አይታይም። አማትየዋ ከፊት ተቀምጣ ታጨበጭባለች።

እህቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ አልገባችም። እናቴ ቤት ስንገናኝ አትናገረኝም፣ ቫዝሊን እንኳ ብልክላት ትመልሰዋለች። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ሰው ቅባት በትሪ ያዞራል፣ ፀሐይ ለፀሐይ፣ ስም የሌለው ጣሳ። ከሱ ነው የምትገዛው። ገዝታ ስትመለስ በሌላ መንገድ መሄድ ትችል ነበር። በሱቄ ደጃፍ ነው የምታልፈው፣ በቀስታ፣ ጣሳውን እንዳየው ከፍ አድርጋ ይዛ።